ባለ ሃያ ጥርስ

ጎማው ከለመድኩት አምስት ጣት ከፍ ያለ፣
ሻጩ ታይዋን ጀርባ «ይኼ ለደወሌ አሸዋ ነው» ብሎ በልጆቹ ማለ።
ስለ ጥንካሬው ነው የማለው፤
ስለ ቁመቱማ ማን ጠይቆ፣ ማንስ ተናግሮ ያውቃል፤
ጎማ ክብ ከሆነ፣ ጥቁር ከሆነ፣ አየር ከያዘ ይበቃል።

ዓመት ከሁለት ወር፣ መርፌዋ ስልሳ ላይ፣ ዓይኔ መርፌዋ ላይ፣
ሽንሌን፣ አዲጋላን፣ አይሻን አለፍኩ፣ ተመለስኩ በዚያው ፀሐይ።
ግራሩ ወደ ኋላ ሲሮጥ ከልኩ በላይ፣
«ዛሬ ነፋስ አለ» አልኩኝ።
የግመል መንጋ ድንገት አፍንጫዬ ሥር ሲደርስ፣
«አቦ! የዘንድሮ ግመል ምን ያስቸኩለዋል?» ብዬ ረዳቴን ጠየቅኩኝ።
ጉሌድ ሳቀ እንጂ አልመለሰልኝም፤
ግመል ጠብቆ ነው ያደገው፣ ሳያውቅ አይቀርም።

ሽንሌ መግቢያ ላይ ትራፊኩ እጁን ዘረጋ።
«ስልሳ ስድስት» አለኝ።
«ስልሳ» አልኩት።
«ራዳሩ አይዋሽም።»
«የኔም አይዋሽም።»
ማልኩለት። በሳምራዊት ማልኩ፣ በሰባት ዓመቷ ልጄ፣
እውነት እንደያዘ ሰው ደረቴን ነፍቼ፣ መሪውን በሁለት እጄ።
ቅጣቱን ከፈልኩኝ፤ ደረሰኙ ዛሬ ደብዝዟል፤
መሐላው ግን ምላሴ ላይ እንደ አረም ሥር ይዟል።

አው ኢምራን ከለገሃር ጀርባ ነው። ድሮ የባቡሩን ሰዓት ይጠግን ነበር።
አሁን የመኪና መርፌ ያክማል፣ እስከ ስድስት ሰዓት፤ ከዚያ በርጫ ነው፣ አያናግር።
ክሩስኮቱን ሳይነካ፣ ገና ጎማውን ሲያይ ሳቀ፤
ሁለት የፊት ጥርስ የለውም፣ ሳቁ በክፍተቱ ፈለቀ።
ጠመኔ አወጣና ጎማው ላይ ነጭ መስመር ጫረ፣
አስፋልቱም ላይ ሌላ፤ «ንዳ፣ ቀስ» አለኝ፤ ጉሌድ ቆጠረ፦
«ኮው… ለባ… ሰደሕ…» በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር፣
የሰፈሩ ልጆችም ከኋላ እየተከተሉ፣ «ቶበን!» እስኪሉ፣ አሥር።

ሜትሩን ዘረጋን። ሠላሳ ሦስት።
ባሮጌው ጎማ ሠላሳ ነበር።
በየአሥሩ ዙር ሦስት ሜትር፤
የት ነበረ? ማን ነው የነዳው? በማን ስም ይመዝገብ ያ ምድር?

ተንፏቆ ካምቢዮው ሥር ገባ፤ እግሩ ብቻ ውጭ ቀረ።
ገመዱ ከሚገባበት ቀዳዳ አንዲት ነጭ ጥርሳም ፕላስቲክ አወጣ፤
ሃያ ሁለት ጥርስ። ከብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ እህቷን አመጣ፤
ሃያ።
«ሁለት ጥርስ ሲጎድል ነው» አለኝ፣ «አፍ እውነት የሚለምደው»፤
ስለ ጊሩ ይሁን ስለ ራሱ፣ ፈገግታው ነው የሚያውቀው።

«ያለፈውስ?» አልኩት። አርባ ሺህ ይላል ቁጥሩ፤
አርባ አራት ሺህ ነው እንግዲህ የሄድኩት፣ ከተቆጠረ በምሩ።
«መርፌዋን አቀናሁ» አለ፣ እጁን በናፍጣ እያጠበ፣
«ቁጥር የነካ ግን ሌባ ነው፣ ለእውነትም ቢሆን ያሰበ።»

አራት ሺህ ኪሎ ሜትር!
ዘጠኝ ደርሶ መልስ ይወጣዋል፤
ሳምራዊት «አባዬ ስንት ቀን ቀረው?» እያለች በር ላይ የቆመችበት፣
ያልተቆጠረ መንገድ፣ ያልተጻፈ ላብ፣ ማንም ያልጠየቀኝ ሌሊት።

በማግስቱ ሽንሌ ስደርስ በገዛ ፈቃዴ ዳር ያዝኩ።
ያ ትራፊክ የለም፤ ወደ ኤረር ተዛውሯል አሉኝ። አዲሱን ሰላም አልኩ።
«ምን አጠፋህ?»
«ስልሳ ስድስት ነበርኩ።»
«መቼ?»
«አምና። ከመስቀል በኋላ፣ ሐሙስ።»
ከላይ እስከ ታች አየኝ፤ ጎማውን፣ እኔን፣ ጉሌድን፤
«ሂድ አቦ» አለኝ፣ «ፀሐይ ነው።»

ሄድኩ። መርፌዋ ስልሳ ላይ።
ግራሩ በዝግታ፣ አንድ በአንድ፣ ስሙን እየነገረኝ አለፈ፤
አንድ ግመል አንገቱን አዙሮ፣ ምንም ሳይቸኩል፣ ዳር ላይ ተሰለፈ።
ጉሌድ «ዛሬ ቀሰስ አልክ» አለኝ።
«ስልሳ ነው» አልኩት።
አልማልኩለትም።